የሶረቲ እንቅልፍ

ሰው በመልክ ይቀናል፣ በልብስ ይቀናል፤ ጎረቤቱ ባሠራው የቆርቆሮ በር እንኳ አንጀቱ የሚያርር አይጠፋም። ለንሳ ቦጂያ ግን በአጎቷ ልጅ የቀናችው በእንቅልፏ ነው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ብትናገርስ ማን ያምናታል? በሸነንም ሆነ በአምቦ እንቅልፋም ሰው ይሰደባል፣ ሲብስበት ይጸለይለታል እንጂ የሚቀናበት የለም።

ለንሳና ሶረቲ የወንድማማች ልጆች ናቸው። አባቶቻቸው ኦቦ ቦጂያና ኦቦ ጉርሙ ሸነን ላይ አጥር ተጋርተው ይኖራሉ፤ በአንድ ጸሎት ቤት ያመልካሉ፤ ከበሬ አገዛዝ እስከ ልጆቻቸው ውጤት ድረስ ደግሞ ይፎካከራሉ። ፉክክራቸው ጠብ የለበትም፣ ግን እረፍትም የለበትም። ኦቦ ቦጂያ ልጄን አምቦ ልኬ አስተምራለሁ ባለ ማግስት ኦቦ ጉርሙም የራሱን ልጅ ሻንጣ ገዝቶ መጣ። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች አምቦ በእትዬ አስካለች ግቢ ውስጥ ከጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በአንድ ፍራሽ እየተኙ፣ በአንድ ድስት እያበሰሉ፣ ከሸነን በአውቶቡስ የሚላክላቸውን በሶና በቅቤ የታሸ ጪኮ እየተካፈሉ መማር ጀመሩ። ሳይካፈሉት የቀረ ነገር ቢኖር እንቅልፍ ብቻ ነው።

ሶረቲ ማታ ሦስት ሰዓት ሲል ትተኛለች። ተኛች ማለት ደግሞ ተኛች ነው። ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች፣ አንዴ ወደ ግድግዳው ትዞራለች፣ ከዚያ ወዲያ ግቢው ቢታረስ አትሰማም። ባጃጅ ውስጥ ትተኛለች። እሑድ ጸሎት ቤት ስብከቱ መሃል ላይ ትተኛና፣ ሰባኪው «አሜን?» ሲል ከምእመናኑ ሁሉ ቀድማ «አሜን» ትላለች። ጠዋት የሚቀሰቅሳት ስልክ አይደለም፤ ስልኩ ጮኾ ጮኾ ሲደክመው ዝም ይላል። የምትቀሰቅሳት ለንሳ ናት። ትከሻዋን ይዛ ስትነቀንቃት፣ አንዱ ጉንጯ ላይ የፍራሹ ስፌት መስመር ታትሞ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ ትልና ሁልጊዜ ያችኑ ቃል ትላለች።

«ለንሳዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

አስራ አንደኛ ክፍል ሳሉ ይህ ቃል ለንሳን ደስ ያሰኛት ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል ሲገቡ ግን በቁስሏ ላይ እንጨት እንደ መስደድ ሆነባት። ምክንያቱም ለንሳ መተኛት አቅቷት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በፈቃዷ ነው። የፊዚክስ መምህራቸው መምህር ኤቢሳ ጎበዝ አስተማሪ ነበር፤ ችግሩ የገዛ ወጣትነቱን ማድነቅ ይወዳል። «እኔ በእናንተ ዕድሜ» ማለት ከጀመረ ደወሉ እስኪደወል አያባራም። በእነሱ ዕድሜ እሱ ሌሊት ሌሊት እግሩን በሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ነበር የሚያጠናው፤ እንቅልፍ ሲመጣበት ቅዝቃዜው ያባርርለታል፤ ዛሬ መምህር የሆነውም በዚያ ሳፋ ነው። ክፍሉ ሁሉ ሲስቅ ለንሳ አልሳቀችም። ያንኑ ቀን ማታ ልብስ የሚያጥቡበትን ሰማያዊ ሳፋ ከበርሜሉ ሞላችና እግሯን ከተተች። የአምቦ የጥቅምት ሌሊት ውሃ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጥርሷን ነክሳ አነበበች። እንቅልፍ መጣ፤ ተመለሰ። በሁለተኛውም ሌሊት መጣ፤ ተመለሰ። እንዲህ እየታገለች ቆይታ በመጨረሻ አሸነፈችው፤ የተሸነፈው እንቅልፍ ግን ስትፈልገው ተመልሶ አልመጣም።

አሁን መጽሐፉን ዘግታ ፍራሹ ላይ ብትጋደምም ዓይኗ አይከደንም። ወደ ነቀምቴ የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች ትሰማለች፣ የጎረቤቱን ውሻ ትሰማለች፣ ሌላው ሁሉ ዝም ሲል የገዛ ልቧን ትሰማለች። ሊነጋጋ ሲል ብቻ፣ ጀርባዋን ለሶረቲ ጀርባ አስደግፋ፣ እንደ ምንም ትንሽ ሸለብ ያደርጋታል። በዚያች ነው የምትኖረው። ክፍል ውስጥ አንዱን መስመር ሦስቴ አንብባ ምን እንዳለ አታውቀውም። ዓይኗ ደም ይለብሳል፣ ራሷን ይወጋታል፣ ሰው ደህና ዋልሽ ሲላት ይከፋታል።

አገሩ ደግሞ ያደንቃታል። እትዬ አስካለች ኪዳን ለማድረስ በማለዳ ስትወጣ የጓሮዋ ክፍል አምፖል በርቶ ታያለች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስም እንደበራ ነው። ይህቺ ልጅ ሐኪም ካልሆነች እኔ አስካለች አይደለሁም እያለች ለሰፈሩ አወራች፤ ወሬው በአውቶቡስ ሸነን ደረሰ፤ ኦቦ ቦጂያም እሑድ ጸሎት ቤት ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ የልጁ መብራት ሌሊቱን እንደማይጠፋ ለጌታ ምስጋና አቀረበ። ከዚያ በኋላ ለንሳ አምፖሉን እንዴት ታጥፋው? ማንበብ ሲያቅታት እንኳ እንደበራ ትተወዋለች፤ ሥሩ የተዘረጋው መጽሐፍ ለሳምንት ገጹ ሳይገለጥ የሚያድርበት ጊዜ ነበር።

የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት በዚህ መሃል መጣ። ሶረቲ ከክፍሏ ሦስተኛ፣ ለንሳ አስራ አንደኛ።

ሶረቲ ራሷ ደንግጣ «እኔ?» ብላ ዙሪያዋን አየች። ለንሳ አቀፈቻት፣ ሳመቻት፣ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት፤ አፏ ግን ኩበት ሆኖ ነበር። መንገዱን ሁሉ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ ማታ በደስታ እንቅልፍ እምቢ ይላታል፣ አንድ ሌሊት፣ አንዲት ሌሊት እንኳ እንደኔ ስትገላበጥ አያታለሁ። ሶረቲ ቤት ገብታ በሶዋን በጠበጠች፣ ጠጣች፣ ለአባቷ ደውላ ውጤቷን ነገረች፣ ሦስት ሰዓት ሲል ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተኛች። ለንሳ ወንበሯ ላይ፣ እግሯ ሳፋው ውስጥ እንዳለ፣ ያን ዝግ ያለ አተነፋፈስ ስትሰማ ቆሽቷ አረረ። ሦስተኛነቱን ትውሰደው። እንዴት ግን በነጻ ትወስደዋለች? እንቅልፉንም ውጤቱንም ለአንድ ሰው የሚሰጥ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ጥርጣሬም ገባት። ይህቺ ልጅ እኔ ሸለብ ሲያደርገኝ ጠብቃ እየተነሣች ታጠናለች አለች። እጅ ከፍንጅ ልትይዛት አምፖሉን አጥፍታ፣ እንደተኛች ሆና፣ ዓይኗን አጨንቁራ አደረች። ሶረቲ አልተነሣችም። አንዴ ብቻ ተገላበጠችና፣ ጋቢው ከለንሳ ትከሻ ላይ መንሸራተቱን በእንቅልፍ ልቧ ዳስሳ፣ መልሳ አለበሰቻት። የደበቀችው ነገር ቢኖራት ለንሳ ይቅር ትላት ነበር። አለመኖሩ ነው የባሰው።

ከዚያ ወዲያ ለንሳ እንቅልፉን ራሱን ጠላችው። አምፖሉን በገመዱ ጎትታ በሶረቲ ፊት ትክክል ሰቀለችው። የፊዚክስ ቀመር ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። የድስት ክዳን «አምልጧት» ሲሚንቶው ላይ ይወድቃል። ሶረቲ አልነቃችም። አንድ ሌሊት ብቻ፣ ለንሳ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ስታነበንብ፣ ከጋቢው ሥር «በርቺ» የሚል ድምፅ ወጣ። ፌዝ አልነበረም፤ ከልቧ ነበር። ለንሳ መጽሐፉን ዘግታ አለቀሰች፤ ያስለቀሳት ደግሞ ጸጸት አይደለም፣ ንዴት ነው።

በማግስቱ ለእናቷ ለደብሪቱ ደወለች። ስለ ጤና፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጪኮው ተነጋገሩ። ደብሪቱ ስለ ሶረቲ ጠየቀች።

«ሶረቲ ደህና ናት» አለች ለንሳ። «ማታ ማታ ትተኛለች።»

የደብሪቱ ድምፅ ነቃ አለ። «ትተኛለች ማለት?»

«ይደክማታል መሰለኝ። እኔ ሳጠና እሷ ትተኛለች። መብራቱ አይረብሻትም፣ አይዞሽ።»

አንዲት ቃል አልዋሸችም፤ ለንሳ ራሷም ስልኩን ስትዘጋ ለራሷ የነገረችው ይህንኑ ነው። ደብሪቱ ግን ከአጥሩ ወዲያ ላለችው የባሏ ወንድም ሚስት ለመንገር አልዘገየችም፤ የባሏን ወንድም ሰሞኑን «ሦስተኛ፣ ሦስተኛ» እያለ ሲንጎራደድባት መስማቱ ሰልችቷት ነበር።

ቅዳሜ ኦቦ ጉርሙ ጪኮውን ራሱ ይዞ መጣ። ግቢው መሃል በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ፣ እትዬ አስካለችንም «አዴ አስካለች፣ አንቺም ስሚ» ብሎ ጠራት። ከልጁ ጋር በኦሮምኛ ነው የሚያወራው፤ ቁጣ ሲሆን ግን በአማርኛ ክብደት የሚጨምር ይመስለዋል።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ማሳ ሸንሽኜ አምቦ የላክሁሽ ልትተኚ ነው? ለመተኛትማ ሸነን ምን አነሰው? የወንድሜን ልጅ እያት፤ ዓይኗ ደም መስሏል። አንቺ ጉንጭሽ ሞልቶ ሙሽራ መስለሻል።»

«አባዬ፣ ሦስተኛ ወጥቻለሁ እኮ» አለች ሶረቲ።

«ተኝተሽ ሦስተኛ ከወጣሽ፣ ብትነቂማ አንደኛ ነበርሽ።»

ይህ ስሌት ግቢው ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ትክክል መሰለው። እትዬ አስካለች «እውነቱን ነው» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ስሌቱ ስህተት መሆኑን የምታውቅ አንዲት ሰው ነበረች፤ ንቃትን እስከ ጥጉ ሄዳ ያየችው ለንሳ። አፏን ብትከፍት፣ አቤራ፣ አጎቴ፣ ተዋት፣ የእኔን ዓይን አይተህ አትፍረድ ብትለው ይበቃ ነበር። ለንሳ ግን ለአጎቷ የእጅ ውሃ ላምጣ ብላ ወደ ቤት ገባች፤ ውስጥ ሆናም ከበሩ ጀርባ ፈገግ አለች።

ያን ዕለት ማታ ሶረቲ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «እንዴት ነው የምትነቂው? አስተምሪኝ» አለቻት።

ለንሳ አስተማረቻት። እትዬ አስካለች ሁለተኛ ሳፋ አዋሰቻቸው፤ ቀይ ነበር። ሁለቱ ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው እግራቸውን ዘፈዘፉ። ሶረቲ መጀመሪያ አካባቢ ውሃው ውስጥ እንዳለች ታንቀላፋ ነበር፤ አንዴ እንዲያውም ከነወንበሯ ወደ ጎን ወድቃ ፍራሹ ረጠበ። ለንሳ ቃሏን አክባሪ አስተማሪ ነበረች። የሶረቲ አገጭ ደረቷ ላይ ሲወርድ ካየች ከበርሜሉ አዲስ ውሃ ቀድታ እግሯ ላይ ታፈስባታለች። ሶረቲ ብንን ብላ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ስትላት የለንሳ ልብ ቅቤ ይጠጣል። እንዲህ ያለ ደስታ እንደሚያሳፍር ታውቃለች፤ ግን ከቅናቱ ይልቅ ደስታው ይሻላል።

ሶረቲ ታዛዥ ልጅ ስለነበረች ሰመረላት። ከጊዜ በኋላ ውሃ የሚያፈስባት አላስፈለጋትም። ጠዋት ጉንጯ ላይ ይታተም የነበረው መስመር ጠፋ። የሚቀሰቅሳት ስለማያስፈልጋትም ያ የጠዋት ቃሏ ቀረ። ሽሮ ታሳርራለች፣ የደብተሯን ቦታ ትረሳለች፣ እርሳስ ተሰበረብኝ ብላ ታለቅሳለች። መምህር ኤቢሳ ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ አግኝቷት ግድግዳ አስደግፎ አቆማት፤ ማታ ምን ስትሠራ አደርሽ ብሎ ጠየቃት፤ መልሷን ሲሰማ ግን ደስ ብሎት «ተቀመጪ» አላት።

የሞዴል ፈተናው ውጤት ሲለጠፍ ለንሳ ዘጠነኛ ነበረች። የሶረቲን ስም ከላይ ጀምራ ፈለገች፤ ወረደች፣ ወረደች፣ ከሠላሳዎቹ መሃል አገኘችው። ለንሳ ስትጓጓለት የኖረችው ይህ ነው። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ አስፓልቱ ድረስ መሬቱን የረገጠችው አልመሰላትም።

ሲመሽ ሶረቲ ቀዩን ሳፋ በእግሯ ገፋ አደረገችና «ዛሬስ ልተኛ» ብላ ተጋደመች። ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ወደዚህ ዞረች። ከዚያ በጀርባዋ ሆና ቆርቆሮውን ታይ ጀመር። ለንሳም አጠገቧ ተጋድማ፣ ጀርባዋን አስደግፋ፣ ያችን የንጋት ሽልብታዋን ጠበቀች። አልመጣችም። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣችም። ምን ጎደለ ብላ አሰበች፤ ጀርባው አለ፣ ጋቢው አለ፣ ፍራሹም ያው ነው። የጎደለው ያ ዝግ ያለ አተነፋፈስ ነበር። ለካ ያቺን ትንሽ እንቅልፍ ስታገኝ የኖረችው ከሶረቲ ነው። አንጀቷን ሲያሳርር የነበረው ድምፅ ሲነጋጋ ጎትቶ ይዟት ይገባ ነበር። ለንሳ ድምፁን ያጠፋሁ መስሏት የገዛ እንቅልፏን አጥፍታ ቁጭ አለች።

ደነገጠች። በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ ሁለቱንም ሳፋ ይዛ ወጥታ ውሃውን ጓሮው ላይ ደፋችው። ሶረቲ በሩ ላይ ቆማ አየቻት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ይብቃን» አለች ለንሳ። «ዋናው ፈተና ደርሷል። ከዛሬ ጀምሮ በጊዜ እንተኛ፤ አንቺ በተለይ ተኚ።»

ሶረቲ ዓይኗን አጥብባ አየቻት። ድሮ እንዲህ ማየት አታውቅም ነበር። «ልትቀድሚኝ ነው? ዘጠነኛ ስትወጪ ነው ለእንቅልፌ ያዘንሽልኝ?»

ለንሳ ያኔ መናገር ነበረባት። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ግን ሶረቲ ለአባቷ፣ አባቷ ለወንድሙ፣ ከዚያ ጸሎት ቤቱ ሁሉ ሲሰማው ታያትና «እንዲያ አይደለም» ብቻ ብላ ቀረች። በሕይወቷ ቅናት የሌለበት አንድ ሥራ ብትሠራ እሱም በቅናት ተቆጠረባት። ሶረቲ ሳፋዋን ከእጇ ወስዳ ከበርሜሉ መልሳ ሞላችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዷ የሌላዋን ዓይን ትጠብቃለች፤ ለንሳ ብትጋደም ሶረቲ አትጋደምም፣ ሶረቲ ብትጋደም ለንሳ እንደተኛች ለማወቅ ጆሮዋን ትጥላለች። እትዬ አስካለች በማለዳ ስታልፍ ዛሬም የበራውን አምፖል እያየች ሁለቱንም ትመርቃለች።

ሐምሌ ገባ። ተፈታኞቹ በአውቶቡስ ተጭነው ጉደር ወዳለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወሰዱ፤ እዚያው አድረው እዚያው ይፈተናሉ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ዘግይቶ የመጣ አይገባም ተብሎም በድምፅ ማጉያ ተነግሯቸዋል። ለንሳና ሶረቲ አንድ ክፍል ደረሳቸው። ከእነሱ ጋር ሃዊ የምትባል የሐሮ ወንጪ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ሐይቁ ላይ ጎብኚ በጀልባ የሚያሻግር፣ እሷ አምቦ ሌላ ትምህርት ቤት የተማረች፣ ክብ ፊት ያላትና ከሁሉ ጋር የምትስቅ ልጅ።

የመጀመሪያው ቀን የጠዋቱ ፈተና አለቀ። ለንሳ ግማሹን ጥያቄ እንዴት እንደሠራችው አታስታውሰውም፤ ፊደሎቹ ሲዋኙባት ነበር። ምሳ በልተው ለከሰዓቱ ፈተና እስኪጠሩ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ሃዊ ጫማዋን አወለቀች፣ አልጋዋ ላይ ወጣች፣ «አንድ አፍታ ጋደም ልበል» አለች፤ ቃሉን ሳትጨርሰው ተኛች። ከንፈሯ በትንሹ ተከፍቶ፣ አንዱ ጉንጯ ፍራሹ ላይ ተጨፍልቆ፣ እንደ ሕፃን ትተነፍሳለች።

ለንሳና ሶረቲ ፊት ለፊት ያለው አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩዋት ጀመር። ለንሳ ያ የታወቀ ቅናት ተመለሰባት። ይህቺ ደግሞ ከየት መጣች? በዚህ ቀን፣ በዚህ ጭንቀት፣ ሰው እንዴት ይተኛል?

«እያት» አለች ሶረቲ። ድምፁ ዝቅ ያለና የደረቀ ነበር። «አየሽ እንዴት እንደምትተኛ? ደግሞ ነገ ከሁላችን በልጣ ታልፋለች።»

ለንሳ ወደ ሶረቲ ዞረች። ድምፁን ታውቀዋለች። የራሷ ድምፅ ነው፤ ከስንት ወር በፊት ሆዷ ውስጥ ብቻ ስትሰማው የነበረውን አሁን ከሶረቲ አፍ ሰማችው። ሶረቲ እግሯን ዘረጋችና የሃዊን አልጋ ብረት በተረከዟ ገጨችው። ሃዊ አልነቃችም። ሶረቲ ጠንከር አድርጋ ደገመችው። ሃዊ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ አተነፋፈሷ ግን አልተቋረጠም። ለንሳ እጇን ሰደደችና የሶረቲን እግር ያዘች። እግሯ ልክ ከሳፋው እንደወጣ ይቀዘቅዝ ነበር።

በዚያው ቅጽበት ከውጭ ጥሪው ተሰማ። የፈተና ሰዓት ደርሷል፣ ሁሉም ይውጣ። ኮሪደሩ በጫማ ድምፅ ተሞላ። ሶረቲ መፈተኛ ካርዷንና እርሳሷን አነሣች። ለንሳ ወደ ሃዊ አልጋ ስትራመድ ሶረቲ ክንዷን ያዘቻት።

«ተያት፤ ራሷ ትነቃለች።»

እንደማትነቃ ሁለቱም ያውቃሉ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ሰው እንደሆነ ከለንሳ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢተዉዋት ማንም አይጠይቃቸውም፤ ተኝታ ቀረች ይባላል፣ አለቀ። ለንሳም ልትተዋት ፈለገች፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ ከምንም ነገር በላይ የፈለገችው ያንን ነው። እግሮቿ ወደ በሩ ሊዞሩ ነበር።

«ሶረቲ» አለች። «ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። ትተኛለች ብዬ። አባትሽን ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ቀንቼብሽ።»

«በሦስተኛነቴ?»

«በእንቅልፍሽ።»

ሶረቲ ክንዷን ለቀቀቻት። ልትስቅ የፈለገች መሰለች፤ ከዚያ ፊቷ ተጨማደደ። የተኛችውን ልጅ አየች፣ ለንሳን አየች፣ የገዛ ተረከዟን አየች። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች።

ለንሳ የሃዊን ትከሻ ይዛ ነቀነቀቻት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደ ድሮው። ሃዊ ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች። ከዚያ ዝናቡንና ጥሪውን ሰማችና ዘላ ተነሣች፤ አንዱ ጉንጯ ላይ የፍራሹ ስፌት መስመር ቀልቶ ታትሞ ነበር።

«ወይኔ፣ ተኛሁ እንዴ?» አለች ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች። «እኅቴ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ሶረቲ ይህን ስትሰማ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ቆመች፤ ወደ ኋላዋ ግን አልዞረችም። ለንሳ ከጀርባዋ ሆና አየቻት። ሶረቲ እጇን አነሣችና ቀስ ብላ የራሷን ጉንጭ ዳሰሰች። ከዚያ ማንንም ሳትጠብቅ ወደ ዝናቡ ወጣች።